ትንሽ ነው ወይስ ያልደረሰ? የጨቅላ ሕፃናት እድገትና ብስለት የባዮኬሚስትሪ አመልካቾች ዳሰሳ

እያንዳንዳቸው 1800 ግራም የሚመዝኑ ሁለት ሕፃናት በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ማዋለጃ ክፍል ተወለዱ እንበል። አንደኛው የ32 ሳምንት ልጅ ነው። ለዕድሜው የሚገባውን ያህል አድጓል፤ የጎደለው ጊዜ ብቻ ነው። ሌላው 39 ሳምንት ማህፀን ውስጥ ቆይቷል። ጊዜ አላነሰውም፤ ያነሰው ምግብና ኦክስጅን ነው። ሚዛኑ ለሁለቱም አንድ ቁጥር ያሳያል፤ የሚጠብቃቸው አደጋ ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ሳንባው አየር ባስወጣ ቁጥር ሊጣበቅበት ይችላል፤ መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ገና ማቀናጀት አልቻለም፤ በጊዜው ለተወለደ ልጅ የማያሰጋ የቢጫነት መጠንም ሊጎዳው ይችላል። ሁለተኛው ዓይኑን ገልጦ ይጠባል፤ ነገር ግን ጉበቱ ያጠራቀመው ስንቅ ትንሽ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የደሙ ስኳር በድንገት ሊወርድ፣ ደሙም ከልክ በላይ ሊወፍር ይችላል።

እናትየው የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን በትክክል ካስታወሰች፣ ወይም በእርግዝናው መጀመሪያ ወራት አልትራሳውንድ ከተነሣች ሁለቱን መለየት አያስቸግርም። ይህ ካልሆነ ግን ሐኪሙ ፊት የቀረው ማስረጃ ሕፃኑ ራሱ ነው። የሕፃኑ ደም፣ የእትብቱ ደም፣ የሽርት ውሃውና ከጨጓራው የሚቀዳው ፈሳሽ ስለ ማህፀን ዘመኑ ምን ያህል ይመሰክራሉ? ሳይንስ ይህን ጥያቄ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያብላላው ቆይቷል። ይህ ዳሰሳ ያንን ድካም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቃኛል።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። «ስንት ሳምንት ቆየ?» እና «እንዴት ሆኖ አደገ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ በእርግጠኝነት የሚመልስ ነጠላ ንጥረ ነገር እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ እያንዳንዱ ምርመራ በመጀመሪያ የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ፣ ቀጥሎም መልሱ ለዚያ ሕፃን የምናደርገውን ነገር ይለውጥ እንደሆነ ሊጠየቅ ይገባዋል። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሚዛን ወደ ሳምንት

ለረጅም ጊዜ ሕክምናው ሁለቱን ሕፃናት አይለይም ነበር። የፊንላንዱ የሕፃናት ሐኪም አርቮ ኢልፖ በ1919 ያለጊዜው የተወለደ ልጅ መለያ 2500 ግራም እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ1948 ይህንኑ መለኪያ ተቀበለ። ሚዛን በየቦታው ስለሚገኝ ውሳኔው ለሥራ ይመች ነበር። ይሁን እንጂ በ2400 ግራም በጊዜው የተወለደ ጤነኛ ልጅ «ያልደረሰ» ተባለ፤ በ35ኛው ሳምንት 2700 ግራም ሆኖ የተወለደው የስኳር ሕመምተኛ እናት ልጅ ደግሞ «ደርሷል» ተብሎ ወደ ቤቱ ተላከ። ድርጅቱ ስህተቱን ተገንዝቦ በ1961 «ያለጊዜው መወለድ»ን ከ«ዝቅተኛ የልደት ክብደት» ለየ።

ሉላ ሉብቼንኮ በ1963 ከዴንቨር ሕፃናት የሠራችው የክብደትና የሳምንት ሠንጠረዥ አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። ከፍሬድሪክ ባታግሊያ ጋር በ1967 ያወጡት ምደባ ሕፃናትን ለዕድሜያቸው ትንሽ፣ ተመጣጣኝና ትልቅ ብሎ ከፈላቸው። እስከ ዛሬ የምንሠራበት «በክብደት ከመቶ እኩዮቹ ከታችኛዎቹ 10 የሚመደብ» የሚለው የትንሽነት መስፈርት የዚያ ዘመን ውርስ ነው። ሊሊና ቪክቶር ዱቦዊትዝ በ1970፣ ጄን ባላርድ ደግሞ በ1979 የሕፃኑን ቆዳ፣ የጆሮ ቅርጽ፣ የእግር መዳፍ መስመርና የጡንቻ ውጥረት በነጥብ እየመዘኑ ሳምንቱን መገመት የሚያስችሉ መመሪያዎች አወጡ። እነዚህ መመሪያዎች የሚጠይቁት የሠለጠነ እጅና ዓይን ብቻ ነው። ድክመታቸው ግምቱ በሁለት ሳምንት ገደማ ወዲያና ወዲህ ሊል መቻሉ ነው። በምግብ እጥረት የከሳና ቆዳው የተላላጠ ልጅ፣ ወይም በመታፈን ጡንቻው የላላ ልጅ መርማሪውን ያሳስታል። ተመራማሪዎችን ወደ ላቦራቶሪ የገፋቸውም ይኸው ክፍተት ነው።

ሳንባው ደርሷል?

የመጀመሪያው ትልቅ ውጤት የተገኘው በሳንባ ላይ ነው። ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄር ሚድ በ1959 ባሳተሙት ጥናት፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው በመተንፈስ ችግር የሞቱ ሕፃናት ሳንባ የውስጥ ገጹን ውጥረት የሚያረግበው ቅባታማ ንጥረ ነገር፣ ሰርፋክታንት፣ እንደሚጎድለው አሳዩ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1963፣ የፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከአምስት ሳምንት በላይ ቀድሞ ተወለደ። ክብደቱ 2.1 ኪሎ ገደማ ነበር። በ39ኛው ሰዓት በዚሁ በሽታ ሞተ። የዓለም ኃያል አገር መሪ ልጅ ቢሆንም የሚያድነው አንድም መድኃኒት በዚያ ጊዜ አልነበረም። የእርሱ ሞት በዘርፉ ላይ የሕዝብንና የመንግሥትን ዓይን አሳረፈ።

ሉዊስ ግሉክና ባልደረቦቹ በ1971 ሰርፋክታንትን ከመወለድ በፊት የመለካት ዘዴ አስተዋወቁ። የጽንሱ ሳንባ የሚያመነጨው ፈሳሽ ወደ ሽርት ውሃ ይፈስሳል። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ሌሲቲን የተባለው ቅባት ከ35ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ በፍጥነት ሲጨምር፣ ስፊንጎማየሊን የተባለው ብዙም አይለወጥም። የሁለቱ ምጣኔ 2 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ሳንባው ደርሷል ይባላል። በኋላ ፎስፋቲዲልግሊሴሮል የተባለ ሦስተኛ ቅባት ተጨመረ፤ እርሱ ዘግይቶ የሚመጣ በመሆኑ መገኘቱ የብስለት ማረጋገጫ ሆነ።

ከእነዚህ ይልቅ ለድሃ ሆስፒታል የሚስማማው በ1972 ጆን ክሌመንትስና ባልደረቦቹ ያቀረቡት የአረፋ ምርመራ ነው። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ጽንስ የሽርት ውሃውን ስለሚውጥ፣ ሕፃኑ ጡት ሳይዝ በቀጭን ቱቦ ከጨጓራው የሚቀዳው ፈሳሽ ከሳንባው የፈሰሰውንም ይዟል። በንጹሕ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከዚህ ፈሳሽ ትንሽ ይደረግና እኩል መጠን ያለው 95 ከመቶ አልኮል ይጨመርበታል። ቱቦው ተከድኖ ለ15 ሰከንድ በኃይል ይናጣል፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ለ15 ደቂቃ ይቀመጣል። የአልኮሉ ሥራ ፕሮቲንና ሌሎች አረፋ ሠሪዎች የፈጠሩትን አረፋ ማጥፋት ነው። ሰርፋክታንት ካለ ግን በፈሳሹ ጠርዝ ዙሪያ የደቃቅ አረፋ ቀለበት ሳይሰበር ይቆያል። ቀለበቱ ሙሉ ከሆነ ሳንባው ደርሷል፤ ከጠፋ ልጁ በቅርብ ሊታይ ይገባዋል። ከዚህ ርካሽ የባዮኬሚስትሪ ምርመራ ማግኘት ይከብዳል።

የሳንባ ምርመራ ታሪክ ግን አንድ ጠንካራ ትምህርትም ሰጥቷል። በ2010 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ የሽርት ውሃ ምርመራ «ሳንባቸው ደርሷል» ያላቸውና በ36ኛው፣ በ37ኛውና በ38ኛው ሳምንት የተወለዱ ሕፃናት፣ በ39ኛውና በ40ኛው ከተወለዱት የበለጠ ችግር እንደገጠማቸው አሳየ። የስኳር መውረድ፣ ቢጫነትና ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል መግባት በእነርሱ ላይ በዛ። ሳንባ ደረሰ ማለት ልጅ ደረሰ ማለት አይደለም። ጉበትና አንጎል የየራሳቸው ቀጠሮ አላቸው። ከዚህ በኋላ መርፌ ወደ ማህፀን አስገብቶ ሽርት ውሃ መቅዳት፣ ቀኑ በአልትራሳውንድ በተረጋገጠበት አገር፣ ከዕለት ተዕለት አሠራር እየወጣ ሄደ።

በደም ውስጥ ያለው ሰዓት

ዕድሜን ከሚናገሩት አመልካቾች ሁሉ ቀዳሚው ከሳንባ ርቆ፣ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ይገኛል። ጽንስ የሚጠቀምበት ሄሞግሎቢን ኤፍ ከአዋቂው ሄሞግሎቢን ኤ ይለያል። ኦክስጅንን አጥብቆ ስለሚይዝ ከእናቱ ደም መሳብ ይችላል። ኮርበር የተባለ ተመራማሪ ገና በ1866 የአራስ ሕፃን ደም በአልካሊ በቀላሉ እንደማይበላሽ አስተውሎ ነበር። ዛሬም ቢሆን በተበረዘ ደም ላይ ጥቂት ሶድየም ሃይድሮክሳይድ ሲጨመር የአዋቂው ወዲያው ወደ ቡናማ ሲለወጥ፣ የአራሱ ሮዝ እንደሆነ ይቆያል።

ከ32ኛው እስከ 34ኛው ሳምንት ገደማ መቅኒው ቀስ በቀስ ከኤፍ ወደ ኤ መዞር ይጀምራል። በጊዜው በተወለደ ልጅ ላይ ኤፍ ከጠቅላላው ከ60 እስከ 80 ከመቶ ይሆናል፤ በስድስት ወር ጥቂት ከመቶ ብቻ ይቀራል። የዚህን ሰዓት ዋጋ ከፍ የሚያደርገው መወለድ ብዙም የማይለውጠው መሆኑ ነው። በ30ኛው ሳምንት የተወለደ ልጅ፣ ማህፀን ውስጥ ቢቆይ ኖሮ ኤፍ የሚቀንስበት ጊዜ እስኪደርስ ድረስ ከፍ አድርጎ ይዞት ይቀጥላል። ስለዚህ የኤፍና የኤ ምጣኔ በዋናነት ከፅንሰት ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ ይቆጥራል።

ይህ ማለት ግን እንከን የለሽ ነው ማለት አይደለም። ለሕፃኑ ደም ከተሰጠ የሰጪው ሄሞግሎቢን ኤ ውጤቱን ያበላሻል። የስኳር ሕመምተኛ እናት ልጅ ላይ መዞሩ ይዘገያል፤ በማህፀን ውስጥ ኦክስጅን ያነሳቸው አንዳንድ ሕፃናትም ኤፍን ረዘም ላለ ጊዜ ይዘው እንደሚገኙ ተዘግቧል። በዋናነት ዕድሜን ይቆጥራል ያልነው ሰዓት በእድገት ችግርም ይነካል ማለት ነው። በዚህ ዘርፍ ደጋግሞ የሚያጋጥመው እንቅፋትም ይህ ነው።

ጉበትም የራሱ ቆጣሪ አለው። አልፋ-ፌቶፕሮቲን በመጀመሪያ በአስኳል ከረጢት፣ ቀጥሎ በጽንሱ ጉበት ይሠራል። በጽንሱ ደም ውስጥ በሦስተኛው ወር አካባቢ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ከዚያ ያለማቋረጥ ይወርዳል። በልደት ቀን ያለጊዜያቸው በተወለዱት ደም ውስጥ በጊዜያቸው ከተወለዱት ሁለት ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ወደ አዋቂው ደረጃ ለመውረድ ወራት ይፈጅበታል። ሆኖም በአንድ ሳምንት እኩዮች መካከል እንኳ ያለው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ብቻውን ሳምንት አይቆጥርም። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ፦ የጉበት ዕጢ ለመፈለግ ይህን ፕሮቲን የሚለካ ሐኪም የጨቅላውን ዕድሜ ካላገናዘበ ጤነኛውን ልጅ በሽተኛ ያደርገዋል።

አይጂጂ የተባለው ፀረ-ተሕዋስ ደግሞ ከእናት የሚመጣ ስንቅ ነው። የእንግዴ ልጁ ከ13ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ያስተላልፈዋል፤ አብዛኛው የሚሻገረው ግን በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው። ከ28 እስከ 32 ሳምንት የጽንሱ መጠን የእናቱ ግማሽ ያህል ይሆናል፤ በጊዜው ሲወለድ ግን ከእናቱ ይበልጣል። አይጂኤም የተባለው ወገኑ አይሻገርም፤ በእትብት ደም ውስጥ በዝቶ ከተገኘ ጽንሱ ራሱ ኢንፌክሽን ተጋፍጧል ማለት ነው። የአይጂጂ ማነስ እንደ ዕድሜ መቁጠሪያ ደካማ ነው። የ30 ሳምንት ልጅ በኢንፌክሽን ለምን ቶሎ እንደሚጠቃ ግን በቀጥታ ያስረዳል።

እድገት የሚመሰክሩት

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሻገር። ከተወለድን በኋላ የሚያሳድገን የእድገት ሆርሞን ማህፀን ውስጥ ያለው ድርሻ አነስተኛ ነው። እዚያ የሚገዙት ኢንሱሊንና የእርሱ ዘመዶች የሆኑት አይጂኤፍ-1 እና አይጂኤፍ-2 ናቸው።

የኮፐንሃገኑ ዮርገን ፔደርሰን በ1950ዎቹ ያቀረበው ማብራሪያ ዛሬም መሠረት ነው። ስኳር የእንግዴ ልጁን ይሻገራል፤ የእናት ኢንሱሊን ግን አይሻገርም። የእናት ስኳር ሲበዛ የጽንሱ ቆሽት በራሱ ኢንሱሊን ይመልሳል፤ ያ ኢንሱሊን ጽንሱን ያወፍረዋል። በ2008 ውጤቱ የታተመው «ሃፖ» የተባለው ጥናት በዘጠኝ አገሮች ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ ነፍሰ ጡሮችን ተከታትሎ ይህን በሰፊው አረጋገጠ። የእናት ስኳር ገና የስኳር ሕመም ደረጃ ሳይደርስ እንኳ ከፍ ባለ ቁጥር የልጁ ክብደትና በእትብት ደም ውስጥ ያለው ሲ-ፔፕታይድ አብረው ይጨምራሉ። ከኢንሱሊን ይልቅ ሲ-ፔፕታይድ የሚለካው ቀይ ሕዋስ ሲፈርስ ኢንሱሊን ስለሚበላሽ ነው። ተቃራኒውም እውነት ነው። ቆሽታቸው ሳይፈጠር የቀረ ሕፃናት በጊዜያቸው ቢወለዱም እጅግ ትንንሽ ናቸው። ስኳርን የሚያነበው የግሉኮካይኔዝ ጂን ለውጥ ያለበት ጽንስም እናቱ ለውጡ ከሌለባት ከሚጠበቀው 500 ግራም ያህል ቀንሶ ይወለዳል።

የአይጂኤፍ ማስረጃም እንዲሁ ጠንካራ ነው። አይጂኤፍ-1 እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ከመደበኛው ክብደት 60 ከመቶ ያህሉን ይዘው ይወለዳሉ። በ1996 ይህ ጂን የጎደለው አንድ ልጅ ከማህፀን ጀምሮ በከፍተኛ ደረጃ መቀጨጩ ተዘገበ። በእትብት ደም ውስጥ ያለው አይጂኤፍ-1 ከልደት ክብደት ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ለዕድሜያቸው ትንሽ በሆኑት ላይ ዝቅ ይላል። ነገር ግን በሳምንታትም ይጨምራል። ሳምንቱ ሳይታወቅ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሐኪም ልጁ ያልደረሰ ይሁን የተጎዳ መለየት አይችልም። በ1994 የተገኘው ሌፕቲንም የሚናገረው ስለ ስብ ክምችት ነው። ከ34ኛው ሳምንት በኋላ፣ ጽንሱ ስብ በሚያጠራቅምበት ጊዜ፣ ከፍ ይላል፤ በከሳ ልጅ ደም ውስጥ ደግሞ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

አሚኖ አሲዶች የሚናገሩት ከዚህም የበለጠ የሚነካ ነው። በ1980ዎቹ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል፣ በአልትራሳውንድ እየተመሩ ማህፀን ውስጥ ካለው እትብት ደም መቅዳት ሲቻል፣ እድገታቸው የተገታ ጽንሶች ኦክስጅን እንዳነሳቸውና ደማቸው አሲድነት እንዳለው በቀጥታ ታየ። በደማቸው ውስጥ ሰውነት ራሱ ሊሠራው የሚችለው ግላይሲን በዝቶ፣ ከምግብ ብቻ የሚገኘው ቫሊን ግን ቀንሶ ተገኘ። ይህ ምጣኔ በክዋሽዮርኮር፣ ማለትም በከባድ የምግብ እጥረት፣ በሚሠቃዩ ሕፃናት ደም ውስጥ ሲታይ የኖረው ነው። ስለዚህ ያ ልጅ ገና ሳይወለድ ተርቦ ነበር ማለት ይቻላል። እናትየው በልታ ሊሆን ይችላል፤ የእንግዴ ልጁ ሥራውን ካልሠራ ግን እህሉ ከልጁ ደጃፍ አይደርስም።

ኦክስጅን ማነሱን ደግሞ የቀይ ደም ሕዋስ ምርትን የሚያነቃቃው ኤሪትሮፖይቲን ይመሰክራል። ይህ ሆርሞን የእንግዴ ልጁን ስለማይሻገር በእትብት ደም ውስጥ የተገኘው የልጁ ብቻ ነው። የእትብት ደም አሲድነት በምጥ ጊዜ የደረሰውን የደቂቃዎች ችግር ሲያሳይ፣ ከፍ ያለ ኤሪትሮፖይቲንና አስኳል ያላቸው ቀይ ሕዋሳት መብዛት ችግሩ ከምጡ በፊት የጀመረ መሆኑን ይጠቁማሉ። ይህ ልዩነት ለአዋላጅም ለወላጅም ትልቅ ነገር ነው። ጉዳቱ የደረሰው በምጥ ጊዜ ይሁን ከዚያ በፊት የሚለው ክርክር ብዙ ቤተሰብን አሳዝኗል፣ ብዙ ባለሙያንም አስወቅሷል።

አንድ ጠብታ፣ ብዙ ምስክር

ሮበርት ገትሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከሕፃን ተረከዝ የተወሰደ ደም በማጣሪያ ወረቀት ላይ አድርቆ መመርመርን ሲያስተምር ዓላማው ፊኒልኬቶኑሪያ የተባለ የውርስ በሽታን ማግኘት ነበር። ባለሙያው ተረከዙን ያሞቃል፣ ጎን በኩል ይወጋል፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ ይጠርጋል፤ ተከታዮቹን በወረቀቱ ላይ በታተሙት ክቦች ውስጥ ያሳርፋል። ወረቀቱ ለጥቂት ሰዓታት በአየር ደርቆ በፖስታ ይላካል። ዘዴው ሲስፋፋ ላቦራቶሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ውጤት ይዛባል። 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮን በእነርሱ ላይ ከፍ ስለሚል የአድሬናል በሽታ ያለባቸው ይመስላል። የታይሮይድ ሆርሞናቸውም ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ላቦራቶሪዎች መመዘኛውን በክብደት ወይም በሳምንት ለይተው ማውጣት ግድ ሆነባቸው።

ከ2016 ገደማ ጀምሮ በካሊፎርኒያ፣ በአዮዋና በካናዳዋ ኦንታሪዮ የሚገኙ ሦስት ቡድኖች ይህን እንቅፋት ወደ መሣሪያ ለወጡት። ዕድሜ ውጤቱን የሚያዛባ ከሆነ፣ ከውጤቱ ተነሥቶ ዕድሜን ማስላት ይቻላል። የሄሞግሎቢን ኤፍና ኤ ምጣኔን፣ 17-ሃይድሮክሲፕሮጄስትሮንን፣ የታይሮይድ አነቃቂውን ሆርሞን፣ በርካታ አሚኖ አሲዶችንና አሲልካርኒቲኖችን ከክብደትና ከፆታ ጋር በአንድ ቀመር አዋሓዱ። ግምቱ ከመጀመሪያ ወራት አልትራሳውንድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ርቀት ውስጥ አረፈ። የኦንታሪዮው ቡድን ቀመሩን ከባንግላዴሽ በመጡ የተረከዝና የእትብት ናሙናዎች ላይ ሞክሮ ጥሩ ውጤት አገኘ። በቀመሩ ውስጥ ያሉት አመልካቾች ልክ እንደ አስታራቂ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል፤ እርቁ የሚታመነው ከብዙዎች አንድነት ነው።

ግን ሁለት ጉድለቶች አሉበት። ቀመሩ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ለዕድሜያቸው ትንሽ በሆኑት ሕፃናት ላይ ነው፤ ማለትም በትክክል እንዲለይልን የምንፈልጋቸው ላይ። ሁለተኛ፣ ናሙናው ባሕር ተሻግሮ ውድ በሆነ መሣሪያ ተመርምሮ መልስ እስኪመጣ ሕፃኑ ድኗል ወይም አልፏል። ስለዚህ አንድ አገር ወይም ክልል ያለጊዜያቸው የሚወለዱትን በትክክል እንዲቆጥር ይረዳል እንጂ፣ ለዚያች ሌሊት አዋላጅ መልስ አይሆንም። በ2016 ከእትብት ደም ዲኤንኤ ላይ ከሚያርፉ የኬሚካል ምልክቶች ዕድሜን የሚያሰሉ ቀመሮች ታትመዋል፤ በ2018 ደግሞ በእናት ደም ውስጥ የሚንሳፈፈው አርኤንኤ ለአልትራሳውንድ የቀረበ ግምት እንደሚሰጥ ተዘግቧል። ሁለቱም ተስፋ ሰጪ ናቸው፤ ገና ግን ከምርምር ክፍል አልወጡም።

ይህን ሁሉ ተስፋ ስናይ ኤስትሪዮልን ማስታወስ ይገባናል። በ1960ዎቹና 1970ዎቹ በእናት ሽንትና ደም ውስጥ ያለው ኤስትሪዮል የጽንሱ ደህንነት መለኪያ ተደርጎ በየሆስፒታሉ ይለካ ነበር። ሆርሞኑ ከጽንሱ አድሬናልና ከእንግዴ ልጁ ጥምር ሥራ ስለሚገኝ አመክንዮው ያማረ ነበር። ሆኖም መለካቱ የሕፃናትን ሞት መቀነሱ ሳይረጋገጥ ቀረ። የእንግዴ ልጅ ሰልፋቴዝ የተባለው ኢንዛይም የጎደላቸው ጤነኛ ጽንሶች እንኳ ኤስትሪዮላቸው ወርዶ ስለሚታይ ብዙ እናት ያለ ምክንያት ተጨንቃለች። አልትራሳውንድ ሲመጣ ምርመራው ተረሳ። አመክንዮው የሚያምር ምርመራ ሁሉ ሕይወት ያድናል ማለት አይደለም።

እኛ ዘንድ ምን ማለት ነው?

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የቤተ ሙከራ ጨዋታ አይደለም። ከ2016 እስከ 2018 በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ በሚገኙ አምስት ሆስፒታሎች የተካሄደው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ጥናት ውጤት በ2019 ታትሟል። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከተኙት 3852 ሕፃናት መካከል 1109 በ28 ቀን ውስጥ ሞቱ። ከሞቶቹ 45 ከመቶ ምክንያታቸው የሰርፋክታንት እጥረት የሚያመጣው የመተንፈስ ችግር ነበር፤ 30 ከመቶ ገደማ ደግሞ ኢንፌክሽን። ኤቨሪና ሚድ በ1959 የገለጡት በሽታ፣ ፓትሪክ ኬኔዲን የገደለው በሽታ፣ ዛሬም ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ልጆቻችንን ከሌሎች ምክንያቶች ሁሉ በላይ ይገድላል።

ቀንን በትክክል ማወቅ ምን ያህል እንደሚወስን ሁለት ታላላቅ ሙከራዎች አሳይተዋል። ግራሃም ሊጊንስና ሮስ ሃዊ በ1972 በኒውዚላንድ፣ ያለጊዜዋ ልትወልድ ለደረሰች እናት የሚሰጥ ስቴሮይድ የልጁን ሳንባ ብስለት እንደሚያፋጥን አሳይተው ነበር። በ2015 የታተመውና በስድስት አገሮች ወደ 100 ሺህ የሚጠጉ ወሊዶችን ያካተተው ሙከራ ይህንኑ መድኃኒት አልትራሳውንድ በማይዳረስበት ማኅበረሰብ አሰራጨ። የተገኘው ውጤት አስደንጋጭ ነበር፤ የጨቅላ ሕፃናት ሞት በአጠቃላይ ጨመረ። መድኃኒቱን ከወሰዱት እናቶች ብዙዎቹ ያለጊዜያቸው የሚወልዱ አልነበሩም። በ2020 የታተመው የዓለም ጤና ድርጅት ሙከራ ደግሞ በባንግላዴሽ፣ በህንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን ሆስፒታሎች፣ ሳምንቱን በአልትራሳውንድ አረጋግጦ ሰጠ። የጨቅላ ሕፃናት ሞት ከ23.5 ወደ 19.6 ከመቶ ወረደ። ሁለቱ ሙከራዎች የሚለያዩበት ነገር ብዙ ቢሆንም፣ የሳምንቱ መታወቅና የሆስፒታሉ ዝግጅት ዋነኞቹ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

መመዘኛዎችን እንዳሉ መገልበጥም አያዋጣም። የሉብቼንኮ ሠንጠረዥ የተሠራው 1600 ሜትር ከፍታ ባላት ዴንቨር ነው፤ ከፍታ የልደት ክብደትን በ1000 ሜትር 100 ግራም ያህል እንደሚቀንስ በኮሎራዶ ታይቷል። አዲስ አበባ ከዴንቨርም ትበልጣለች። በሌላ በኩል ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በስሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አዋቂዎች ሄሞግሎቢናቸው እንደ አንዲስ ደገኞች ሳይወፍር፣ ከቆላ ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ በአንዲስ ወይም በዴንቨር የወጣ የኤሪትሮፖይቲንም ሆነ የደም ውፍረት መመዘኛ በደብረ ታቦር ወይም በደብረ ብርሃን ለተወለደ ልጅ ሳይፈተሽ ሊሠራ አይገባም። የራሳችንን ሕፃናት መደበኛ ቁጥር ማውጣት የእኛ ሳይንቲስቶች ድርሻ ነው።

እስከዚያው አዋላጅ ነርሷ ባዶ እጇን አይደለችም። ብዙ እናቶች የወር አበባቸውን ቀን በቁጥር ባይመዘግቡም በበዓልና በጾም ያስታውሳሉ። «የመጨረሻውን ያየሽው ከመስቀል በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሚካኤል ነበር ማርያም?» ተብላ በትዕግሥት የተጠየቀች እናት፣ ወይም ከረመዳን ጋር እያገናዘበች የምትቆጥር እናት፣ ለሳምንት የቀረበ ቀን ልትሰጥ ትችላለች። ይህ ጥያቄ በመጀመሪያው የክትትል ቀን ከተጠየቀና ካርዷ ላይ ከተጻፈ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ማንኛውም ምርመራ አይስተካከለውም። ከዚያ የባላርድ ነጥብ፣ የጨጓራው አረፋ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚደረግ የደም ስኳር ምርመራና ክብደቱ አንድ ላይ ሲነበቡ፣ ብዙውን ጊዜ ያልደረሰውን ከተጎዳው ይለያሉ። ልዩነቱ ሲታወቅም እንክብካቤው ይለያያል፤ ያልደረሰው የትንፋሽ ድጋፍና በቱቦ የሚሰጥ የእናት ወተት ይሻል፤ የከሳው ቶሎ ቶሎ ጡትና የስኳር ክትትል ይሻል። ከእናት ገላ ጋር የሚደረገው የካንጋሮ ሙቀት ግን ለሁለቱም ነው።

በአጠቃላይ የግማሽ ምዕተ ዓመቱ ምርምር ሦስት ነገር አስጨብጦናል። ዕድሜን ለማወቅ የተሻለው ምስክር የሄሞግሎቢን ምጣኔና እርሱን ከሌሎች ጋር ያዋሓደው ቀመር ነው። የእድገትን ታሪክ የሚናገሩት ኢንሱሊን፣ አይጂኤፍ-1፣ አሚኖ አሲዶችና ኤሪትሮፖይቲን ናቸው፤ ሳምንቱ ካልታወቀ ግን ንግግራቸው ግማሽ ነው። የሳንባ ምርመራ ደግሞ ስለ አንድ አካል ብቻ ይናገራል፤ በእኛ አገር ግን ያ አካል ገዳዩ ስለሆነ ቸል ሊባል አይገባም። ቀጣዩ ምርምር ከሁሉ አስቀድሞ ሊያተኩርበት የሚገባው በእናት አልጋ ዳር፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በጥቂት ብር የሄሞግሎቢን ኤፍና ኤን ምጣኔ የሚያነብ መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ በጎንደርና በጅማ ሕፃናት ላይ ተፈትኖ፣ ከመጀመሪያ ወራት አልትራሳውንድ ጋር ተመሳክሮ፣ ለዕድሜያቸው ትንሽ በሆኑት ላይም መሥራቱ ከተረጋገጠ፣ ከየትኛውም ውድ ቀመር የበለጠ ሕይወት ያድናል።